ለመገጣጠሚያ ሕመም ጄል ወይስ ክኒን? የአመራረጥና የአጠቃቀም መመሪያ

«ጄሉን ሞክሬው ነበር፤ ምንም አልሠራልኝም» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ያህል ቀቡ?» የሚል ነው። 30 ግራም የያዘች ትንሽ ቱቦ ለሁለት ጉልበት አንድ ወር ሙሉ ካገለገለች፣ ሰውየው ቆዳውን አለሰለሰ እንጂ መድኃኒቱን አልተጠቀመም። በሙሉ መጠን ቢቀባ ያች ቱቦ ለሁለት ጉልበት አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አታደርስም። ክኒን ላይ ስሕተቱ ይገለበጣል፦ ለጥቂት ቀናት የታሰበው ለወራት ይዋጣል፤ ከሌላ ማስታገሻ ጋር ይደረባል፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይውጠዋል።

ስለዚህ ሕመሙ ጉልበት ወይም እጅ ላይ ከሆነ እንደ ዲክሎፌናክ ያለ ፀረ-ብግነት (ሕመምና እብጠት የሚቀንስ) ጄል ይቅደም፤ በሙሉ መጠኑ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት። ክኒን ደግሞ ጄል ለማይደርስበት ቦታና ጄል ላልበቃው ሕመም ይቆይ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ሆነ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለጉልበት የመገጣጠሚያ መበላት የሚቀባውን ፀረ-ብግነት መድኃኒት በግልጽ ይመክራሉ። እኛ አገር ግን ጄሉ እንደ ማሟያ፣ ክኒኑና መርፌው እንደ «ዋናው መድኃኒት» ስለሚታዩ ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት መንገድ

ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ፒሮክሲካም፣ ሜሎክሲካም ፀረ-ብግነት የሚባሉ አንድ ወገን ናቸው። ሁሉም ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይመረት ያግዳሉ። ፕሮስታግላንዲን በተጎዳ መገጣጠሚያ ውስጥ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ በጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲድ ይጠብቃል፤ በኩላሊት ውስጥ ደግሞ የደም ዝውውሩ እንዳይቀንስ ያግዛል። የተዋጠ ክኒን ወደ ደም ገብቶ ይህን ንጥረ ነገር በየደረሰበት ያግደዋል፤ ጉልበትን ለይቶ ጨጓራን አይምርም።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። «ጨጓራዬን እንዳይነካኝ በመርፌ ይሁንልኝ» ማለት አያዋጣም። ጨጓራን በዋናነት የሚጎዳው ክኒኑ ግድግዳውን ነክቶ ማለፉ ሳይሆን በደም በኩል የሚመጣው እገዳ ነው፤ በመርፌ የተሰጠ ዲክሎፌናክም እዚያው ይደርሳል።

ጄሉ ከቆዳ ሥር ወዳለው ሕብረ ሕዋስና መገጣጠሚያ ይሰርጋል፤ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። አንድ ጉልበት ላይ በቀን 4 ጊዜ 4 ግራም ሲቀባ በደም ውስጥ የሚገኘው ዲክሎፌናክ፣ ክኒን ሲዋጥ ከሚገኘው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጥቂት ነው ማለት ግን ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ሁለቱም ጉልበት፣ ሁለቱም እጅና ቁርጭምጭሚት በአንድ ቀን ከተቀቡ መጠኑ ይደማመራል።

ደረጃ 1፦ የሚያመውን ቦታ መለየት

ጄል የሚሠራው ከቆዳ ብዙ ላልራቀ መገጣጠሚያ ነው፦ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ እግር፣ ክርን፣ የእጅ አንጓና ጣቶች። ዳሌ በወፍራም ጡንቻ ተሸፍኖ በጥልቀት ስለሚገኝ ከላይ የተቀባው አይደርሰውም። ለትከሻና ለጀርባ አጥንት ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጠው ዲክሎፌናክ ጄል መመሪያ ራሱ «በእነዚህ ላይ አልተመዘነም» ይላል። ወገቡን የሚያመው ሰው ጄል ቀብቶ ካልተሻለው አይደነቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ጉዳይ አለ፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ካልሲ ወይም ጫማ ለማድረግ ሲያጎነብሱ ብሽሽት ላይ የሚያም ከሆነ፣ እግርን ወደ ውስጥ ሲያዞሩ የሚጠነክር ከሆነ፣ ጉልበቱ ላይ ግን እብጠትም ሆነ ሲጫኑት የሚያም ቦታ ከሌለ፣ ችግሩ ዳሌ ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ጉልበት በየቀኑ በጄል ማሸት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምርመራ ይደረግ።

አምስት ስድስት መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ የሚያመው ሰውም ጄል አይበቃውም። በተለይ የሁለቱም እጅ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተሳስረው የሚቆዩ ከሆነ፣ ይህ የዕድሜ መበላት ሳይሆን ሌላ ሕክምና የሚፈልግ የሩማቶይድ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ደረጃ 2፦ ራስን መፈተሽ

ክኒን ከመግዛትዎ በፊት የሚከተሉትን ያስቡ። አንዱ እንኳ የሚመለከትዎት ከሆነ ፀረ-ብግነት ክኒን ያለ ሐኪም አይጀምሩ።

- ዕድሜ ከ65 በላይ
- የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስለት፣ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ሰገራ ከዚህ በፊት የነበረ
- የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም፣ የልብ ድካም፣ ከዚህ በፊት የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ
- ደም ማቅጠኛ (ዋርፋሪን የመሳሰለ)፣ በየቀኑ የሚዋጥ አስፕሪን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቶትሬክሴት
- የደም ግፊት መድኃኒት
- አስፕሪን ወይም ኢቡፕሮፌን ሲወስዱ የሚነሣ አስም ወይም የፊት እብጠት
- እርግዝና

የደም ግፊቱ ጉዳይ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በየቤቱ ያለ ነው። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ኩላሊት ውስጥ የሚገባውን የደም ግፊት ይቀንሳሉ፤ ኩላሊት ያን የሚቋቋመው በፕሮስታግላንዲን እየተደገፈ ነው። ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ሲጨመር ያ ድጋፍ ይቋረጣል። ሰውየው በዚያ ላይ ተቅማጥ ይዞት ወይም ውኃ ሳይጠጣ ውሎ ከሆነ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ከዚህ ሌላ እነዚህ ክኒኖች ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ተስተካክሎ የነበረ ግፊት «ያለ ምክንያት» የሚጨምረው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው። የግፊት መድኃኒት መጠን ከመጨመሩ በፊት «ለጉልበትዎ የሚውጡት አለ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀ እርስዎ ይንገሩ።

ከዝርዝሩ አንዱ የሚመለከተው ሰው ጄል ይጠቀም ወይ? አብዛኛውን ጊዜ ጄሉ የተሻለው ምርጫ ነው፤ ሦስት ነገሮች ግን ይለያሉ። በአስፕሪን የሚነሣ አስም ያለበት ሰው ጄሉንም ይተው። ነፍሰ ጡር ሴት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሁለቱንም ያለ ሐኪም አትጠቀም። ኩላሊቱ ወይም ልቡ በጣም የደከመ ሰው ደግሞ ለጄሉም ቢሆን ሐኪሙን ያማክር።

ደረጃ 3፦ ቱቦውን ማንበብ

ከፊት ያለውን ስም ትተው በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ይመልከቱ። ዲክሎፌናክ ሶዲየም 1 በመቶ እና ዲክሎፌናክ ዳይኢታይልአሚን 1.16 በመቶ በተግባር እኩል ናቸው፤ የቁጥሩ ልዩነት የጨዉ ዓይነት ያመጣው ነው። 2.32 በመቶ የሚለው ግን እጥፍ ነው፤ በቀን 2 ጊዜ ብቻ ይቀባል። ከገልፍ አገሮች ወይም ከአውሮፓ የመጣውን ቱቦ በአሜሪካኛው መመሪያ 4 ጊዜ የሚቀባ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ኢቡፕሮፌን ጄል ባብዛኛው 5 ወይም 10 በመቶ ነው። ኬቶፕሮፌን ጄል ሕመም በማስታገስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የተቀባው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ክፉኛ ሊያብጥና ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ሲጠቀሙበትም ካቆሙ በኋላም ለ2 ሳምንት ቦታው በልብስ መሸፈን አለበት። እንደ እኛ ባለ ፀሐያማ አገር፣ ዲክሎፌናክ እያለ ኬቶፕሮፌን የሚመረጥበት ምክንያት አይታየንም።

ከሕንድ የሚመጡ ብዙ ጄሎች ከዲክሎፌናክ ጋር ሜቲል ሳሊሲሌትና ሜንቶል ይዘዋል። የማቃጠልና የማቀዝቀዝ ስሜቱ ከነዚህ ነው፤ ብዙ ሰው «የሚያቃጥለው ነው የሚሠራው» የሚለው ስሜቱን ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚያምታታ ነው። ንጹሕ ዲክሎፌናክ ጄል አያቃጥልም። ሜቲል ሳሊሲሌት የአስፕሪን ዘመድ በመሆኑ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በሰፊ ቦታ ላይ ደጋግሞ ቢቀባው ደሙ ከሚፈለገው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ሜቲል ሳሊሲሌትና ካምፎር ብቻ ያላቸው ቅባቶች ደግሞ ዲክሎፌናክ የላቸውም፤ ለጊዜው ያስታግሳሉ እንጂ የጄሉን ቦታ አይተኩም።

ደረጃ 4፦ መለካት

ለ1 በመቶ ዲክሎፌናክ ጄል በአሜሪካ ማሸጊያ ላይ የሚገኘው መጠን ይህ ነው፦

- ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም እግር፦ በአንድ ጊዜ 4 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ። ለአንድ መገጣጠሚያ በቀን ከ16 ግራም አይበልጥም።
- ክርን፣ የእጅ አንጓ ወይም እጅ፦ በአንድ ጊዜ 2 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ። ለአንድ መገጣጠሚያ በቀን ከ8 ግራም አይበልጥም።
- በጠቅላላ ሰውነት ላይ በቀን ከ32 ግራም አይበልጥም።

በአውሮፓ የሚሸጠው የ1.16 በመቶ መመሪያ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ግራም፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይላል። የእርስዎ ቱቦ መመሪያ ካለው እሱን ይከተሉ።

በአሜሪካ ያለው ቮልታረን ጄል መለኪያ ካርድ አብሮት ይመጣል፤ 2 ግራም 5.7 ሴንቲሜትር፣ 4 ግራም 11.4 ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። ካርድ ከሌለ በማስመሪያ ለክተው ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ሁለት መስመር ያስምሩና በላዩ ጨምቀው ይለማመዱ። የቱቦ አፍ ስፋት ስለሚለያይ ርዝመቱ ብቻውን አያስተማምንም፤ ማረጋገጫው ቆጠራ ነው። 50 ግራም ቱቦ በ4 ግራም 12 ጊዜ ያህል ይቀባል። 25 ጊዜ ከደረሰ ግማሹን ነው የቀቡት፤ 6 ጊዜ ላይ ካለቀ እጥፍ።

ሌላው መለኪያ ጣት ነው። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው የመታጠፊያ መስመር የተዘረጋ ጄል ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ለጉልበት እንዲህ ያለ 8 ጊዜ፣ ለእጅ 4 ጊዜ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ብዙ ይመስላል፤ ትክክለኛው ግን እሱ ነው።

ወጪውን አስቀድመው ያስሉ። አንድ ጉልበት በሙሉ መጠን ለ7 ቀን 112 ግራም ይፈጃል፤ ከአንድ ባለ 100 ግራም ቱቦ ትንሽ ይበልጣል። አቅም ካጠረ አንዱን ቱቦ በሁለት ጉልበት ላይ አሳንሶ ከማዳረስ፣ ይበልጥ የሚያመውን አንድ ጉልበት መርጦ በሙሉ መጠን መሞከር ይሻላል። ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ ቢያንስ ይታወቃል። ከሠራ ቀስ በቀስ ወደ 3 ከዚያም ወደ 2 ጊዜ ዝቅ እያደረጉ ሕመሙን የሚይዝልዎትን ትንሹን መጠን ይፈልጉ።

ደረጃ 5፦ መቀባት

1. ቦታውን በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁ። ቁስል፣ ሽፍታ፣ የተላጠ ወይም ያመረቀዘ ቆዳ ላይ አይቀቡ። ከትኩስ ሻወር እንደወጡ ወዲያው አይቀቡ፤ ቆዳው ይቀዝቅዝ። ሙቀት ወደ ደም የሚያልፈውን መጠን ይጨምራል።

2. ለክተው ይጭመቁ። ጉልበት ከሆነ ከፊት፣ ከግራና ቀኝ፣ ከኋላም ያዳርሱ፤ አመመኝ ያሉት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይከምሩ። እጅ ከሆነ መዳፍ፣ ጀርባውና ጣቶቹ ሁሉ ይቀባሉ።

3. በስሱ እያሹ ያስርጉ። እንደ ወጌሻ በኃይል ማሸት መድኃኒቱን ጠልቆ እንዲገባ አያደርገውም፤ ያበጠውን መገጣጠሚያ ግን ይበልጥ ሊያስቆጣው ይችላል።

4. ጉልበት ቀብተው ከሆነ እጅዎን ወዲያው ይታጠቡ። የተቀባው እጅ ራሱ ከሆነ ለ1 ሰዓት አይታጠቡ። እጃቸውን የሚያማቸው እናቶች ጄል «አልሠራልንም» የሚሉት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ቀብተው 10 ደቂቃ ሳይቆይ ሊጥ ያቦካሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። ለእጅ የሚመቹት ሰዓቶች ከመተኛት በፊት፣ የምሳ ዕቃ ከታጠበ በኋላ እና ልብስ ከማጠብ ወይም ወጥ ቤት ከመግባት ቢያንስ 1 ሰዓት አስቀድሞ ናቸው። በዚያ 1 ሰዓት ውስጥ ዓይን ማሸት፣ ሕፃን ማቀፍና ምግብ በእጅ መብላት አይመከርም።

5. ልብስ ወይም ጓንት ከመልበስዎ በፊት 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ለ1 ሰዓት ሻወር አይውሰዱ።

6. በላዩ ላይ ፌስታል ወይም አየር የማያስገባ ፋሻ አይጠቅልሉ፤ የጋለ ፎጣ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አያድርጉ። በዚያው ቦታ ላይ ሌላ ቅባት፣ ሎሽን ወይም የፀሐይ መከላከያ አይደርቡ። የተቀባውን ቦታ ከፀሐይ ይሸፍኑ።

7. ሰዓት ይመድቡ፤ ለምሳሌ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 4። አንዱ ቢረሳ ቀጣዩን እጥፍ አድርገው አይቀቡ።

የተለመደው ጉዳት የቆዳ መድረቅ፣ መቅላትና ማሳከክ ነው። ቀለል ያለ ከሆነ ለአንድ ሁለት ቀን አርፎ እንደገና መሞከር ይቻላል። ሽፍታው ከተስፋፋ ወይም ውኃ ከቋጠረ አጥበው ያቁሙ፤ ዳግም አይጀምሩ።

ደረጃ 6፦ መጠበቅ

ክኒን በግማሽ ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰማል። ጄል እንዲያ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ውስጥ እስኪጠራቀም እስከ 7 ቀን ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ወደ ክኒን መዝለል በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። በእነዚያ ቀናት ሕመሙ ከከበደ ፓራሲታሞል መጨመር ይቻላል፤ እሱ ከዚህ ወገን ስላልሆነ እንደ መደረብ አይቆጠርም። ባለ 500 ሚሊግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ጉበቱ የታመመ፣ አልኮል የሚያበዛ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ከዚያ ያነሰ ይውሰድ። ብቻውን ግን ለጉልበት መበላት ብዙም አይጠቅምም።

በ7 ቀን ጨርሶ ለውጥ ከሌለ፣ መጠኑም ትክክል ከነበረ፣ ጄሉ አይሆንዎትም፤ ያቁሙ። ከረዳ ያለ ሐኪም እስከ 21 ቀን መቀጠል ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ አንድ ጊዜ ታይቶ መቀጠል ይሻላል።

ክኒን ሲያስፈልግ

ዳሌ፣ ወገብ፣ ብዙ መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ፣ ድንገት የተነሣ ሪህ፣ ወይም በትክክል ተሞክሮ ያልበቃ ጄል፤ ክኒን የሚገባው እዚህ ነው። በደረጃ 2 ላይ ምንም የማይመለከተው ሰው ኢቡፕሮፌን 200 ወይም 400 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ፣ በ24 ሰዓት ከ1200 ሚሊግራም ሳይበልጥ መውሰድ ይችላል፤ ያለ ሐኪም ግን ከ10 ቀን አይለፍ። ዲክሎፌናክ ክኒን ብዙ ጊዜ 50 ሚሊግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይታዘዛል፤ ጣሪያው 150 ሚሊግራም ነው። ልቡን የታመመ ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ዲክሎፌናክ ክኒን አይወስድም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ከልክሏል።

ተቀምጠው፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡ፤ ወዲያው አይተኙ። የተሸፈነውን ዲክሎፌናክ አይሰባብሩ፣ አያኝኩ፤ ሽፋኑ ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሠራ ነው። ከምግብ ጋር መውሰድ የማቃጠሉን ስሜት ይቀንሳል፤ ቁስለትን ግን አይከላከልም። ወተትም እንዲሁ። ለቁስለት የተጋለጠ ሰው ክኒኑ ግድ ከሆነበት ሐኪሙ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም ይጨምርለታል፤ ጠዋት ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት፣ ክኒኑን መውሰድ እስከሚያቆምበት ቀን ድረስ። ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶብዎት ሳይታከሙ ከቀሩ፣ ክኒኑን ለረጅም ጊዜ ከመጀመርዎ በፊት ይታከሙት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የቁስለት አደጋው ይጨምራል።

ለልብ በየቀኑ ትንሽ አስፕሪን የሚውጥ ሰው ኢቡፕሮፌን የአስፕሪኑን ሥራ ሊያደናቅፍበት ይችላል። ሐኪሙ ሁለቱንም ከፈቀደ፣ ያልተሸፈነው አስፕሪን ይቅደምና ኢቡፕሮፌን ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይዋጥ።

ጾም ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ መዋል ሰውነትን ውኃ ያሳጣል፤ በዚያ ላይ ጠዋት በባዶ ሆድ ክኒን መዋጥ የኩላሊቱንም የጨጓራውንም ችግር ያባብሳል። በቀን 3 ጊዜ የሚዋጠውን ኢቡፕሮፌን በሁለት የመብያ ሰዓት ማጨቅ አይሆንም። በቀን 1 ጊዜ የሚበቃ ሜሎክሲካም ወይም 2 ጊዜ የሚበቃ ናፕሮክሲን እንዲታዘዝልዎ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለረመዳን ኢፍጣርና ሱሑር ላይ፣ ለዐቢይ ጾም ከ9 ሰዓት በኋላና ከመኝታ በፊት ምግብ ቀምሶ። ጄል ምግብ ስለማይጠይቅ ለጾመኛ ጉልበት የተሻለ ነው። ስግደቱ ራሱ ጉልበቱን የሚያስቆጣ ከሆነ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ከመድኃኒቱ ይቀድማል።

ከውጭ የመጣው ሻንጣ

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ አድቪልና አሊቭ ይዞ ይመጣል፤ ትልቅ ጠርሙስ፣ ለእናትና ለአባት። አድቪል ኢቡፕሮፌን 200 ሚሊግራም ነው፤ ሞትሪንም ኢቡፕሮፌን ነው። አሊቭ ናፕሮክሲን ሶዲየም 220 ሚሊግራም ነው፤ በ24 ሰዓት ከ3 ፍሬ አይበልጥም። ታይሌኖል ግን ፓራሲታሞል ነው። እናት ጠዋት ከፋርማሲ የተገዛ ዲክሎፌናክ፣ ቀን አድቪል፣ ማታ አሊቭ ከወሰዱ የዋጡት አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ሦስት ጊዜ ተደርቦ። ጠርሙሱን የሚልክ ሰው በአማርኛ «ለጉልበት ከሚዋጠው ሌላ መድኃኒት ጋር አይወሰድም» ብሎ ቢለጥፍበት ከስጦታው ይበልጣል።

ጄልና ክኒንን አንድ ላይ መጠቀምም መደረብ ነው። ሁለቱን የደረቡ ሰዎች ላይ የደም መፍሰስና የኩላሊት ምርመራ መዛባት ይበልጥ ይታያል፤ ሐኪም ካላዘዘ አንዱን ይምረጡ።

«ከዕፅ ብቻ የተሠራ፣ በሦስት ቀን ጉልበት የሚያድስ» የሚባል እንክብል ሲገጥምዎት ይጠርጥሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 «አርትሪ ኪንግ» በሚል ስም የሚሸጥ ማሟያ ውስጥ በጥቅሉ ላይ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን መገኘቱን አስጠንቅቋል። ዴክሳሜታዞን ሕመምን በአስገራሚ ፍጥነት ያጠፋል፤ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ለሳምንታት ወስደው ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ፤ ጥቅሉን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጄልም ክኒንም አቁመው የሚሄዱበት ጊዜ

እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ድንገት የመጣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአፍ መኮላተፍ፦ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ የደሙ ግን የሚያጣብቅና በጣም የሚሸት ነው። ሽንት መቀነስ፣ የእግር ማበጥ፣ በጥቂት ቀን የክብደት መጨመር፦ ክኒኑን ያቁሙና በዚያው ቀን ይታዩ፤ የደም ግፊትና ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይለካ።

ከመገጣጠሚያው በኩል ደግሞ፦ አንድ መገጣጠሚያ ትኩስ፣ ቀይና ያበጠ ሆኖ ትኩሳት ካለ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት፤ ማስታገሻ ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያክመውም። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚሠራ ሰው ለሳምንታት ሲመላለስበት የቆየ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ወይም የወገብ ሕመም ካለው ከከብት ወደ ሰው ስለሚተላለፈው የብሩሴላ ኢንፌክሽን ለሐኪሙ ይናገር። ከወደቁ በኋላ እግር መርገጥ ካቃተ ራጅ ይነሡ። የእግር አውራ ጣት ሌሊት ድንገት አብጦ አንሶላ እንኳ መንካት ካልቻለ ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ጄል አይበቃም፤ ሕክምናው በመጀመሪያው ቀን ሲጀመር ነው ቶሎ የሚይዘው።

ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፦ ቱቦውን፣ ክኒኑን፣ የግፊት መድኃኒቱን፣ ከውጭ የመጣውን ጠርሙስ፣ የባህል መድኃኒቱንም።